የራስ አንባቢዋ ማኅተም

በሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድም ራሰ በራ ወንድ አልነበረም። ካሉም በድሮ የሠርግ ፎቶ ላይ ነበሩ፤ ልጆች ፎቶውን እያዩ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ፣ ጥቁር ጎፈሬውን አበጥሮ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። አናጢው፣ ዳኛው፣ የከተማው ባቡር ሹፌር፣ ሁሉም ባለ ፀጉር ነው። በአንድ ጀምበር የመጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሀብታሞች ባሕር ተሻግረው ያስተክሉ ነበር፤ ቀጥሎ አዲስ አበባ ተጀመረ፤ ከዚያ እንደ ክትባት ለሁሉም ተዳረሰና ሰው መደነቁን ተወ።

በየቤቱ ፊት ከመታጠብ በፊት ማበጠር ነው። ማበጠሪያዋ ትቆጥራለች። ትሕትና ባለው ድምፅ «እንደምን አደሩ፤ ዛሬ የረገፈ አርባ ሁለት፤ መልካም ቀን» ትላለች። እስከ መቶ ድረስ ደህና ነው። ቁጥሩ ከመቶ አልፎ ሠላሳ ቀን ከሰነበተ፣ ማበጠሪያዋ ማንንም ሳትጠይቅ ጎፈሬ ማዕከል ለሚባለው ትልቅ ሕንፃ ትጽፋለች፤ ማዕከሉ ቀን ይቆርጣል፤ ሰውየው ሄዶ ይተኛል፤ የገዛ ፀጉሩ ሥር ተነቅሎ ማዕከሉ ያራባው ሥር ይተከልለታል። ነቅሎ ተከላ ይሉታል። የተተከለ ፀጉር አይረግፍም፣ አይሸብትም። ባለቤቱ ቢታመም፣ ቢከሳ፣ አልጋ ላይ ቢውል፣ እሱ እቴ! ያው እንዳማረበት ነው።

የዳምጠው ሽመክት ማበጠሪያ ታኅሣሥ ላይ መቶን አለፈች፤ ጥር አጋማሽ ላይ ሁለት መቶ ስልሳ ገባች። ዳምጠው የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ የተደረደሩትን የንፋስ ማማዎች እየወጣ ይጠግናል። ድሮ እንደ ጦጣ ነበር የሚወጣው። ዘንድሮ ግን ግማሽ ላይ ቆሞ ያርፋል፤ አንዳንዴም ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገዋል። ከወረደ በኋላ ሁለት ሹራብ ደርቦ ላዩ ላይ ጋቢ ይጥላል። «በረደኝ» ሲል የሥራ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በረደኝ ማለት ምን ወሬ ነው? ድምፁ ሲጎረንን ጉንፋን ነው ተባለ። ፊቱ ሞላ ሞላ ሲል ተመቸው ተባለ። በፀጉሩ ግን የሳቀ አልነበረም።

ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። የእናቱ አባት አቶ ሽብሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ፊት ለፊታቸው ያለ ሰው ዓይኑን ይከልል ነበር ይባላል። በቃ፣ በራው ከእናት አባት የወረደ ነው፤ አለቀ። «ደም ነው ልጄ፤ ከደም ጋር ማን ይሟገታል!» አለ አጎቱ፣ የራሱን የተተከለ ፀጉር ወደ ኋላ እየዳበሰ።

ችግሩ ጊዜው ነበር። ዳምጠው ፍቅረኛውን ትርንጎን ሊጠይቅ ለእሑድ ሽማግሌ አዘጋጅቷል። ድሮ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዝምድና እንዳይገኝ ነበር። አሁን ስሙ ሲቆጠር ራሱም አብሮ ይቆጠራል፦ እገሌ ባለ ፀጉር፣ እገሌ ባለ ፀጉር፣ እገሌ... እዚያ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል። የትርንጎ አባት አቶ ወንድይፍራው ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። እሳቸው በከተማው አሉ የተባሉ የጨው ነጋዴ ናቸው። ከአፋር ምድር እንደ ድንጋይ ተጠርቦ የሚመጣውን፣ ፋብሪካ ያልነካውን አሞሌ ለደብረ ብርሃን ሰው እንደገና ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ማዕድ ላይ የአሞሌ ቁራሽና ትንሽ መፈቅፈቂያ ያልቀረበበት ቤት እንግዳ አከበርኩ አይልም። «እኔ ልጄን የምሰጠው ፀጉሩ ለሞላ ሰው ነው» ብለው ገና ድሮ በአደባባይ ተናግረዋል።

ስለዚህ ዳምጠው ለሐሙስ ቀን ሲቆረጥለት እፎይ አለ። ሐሙስ ይተኛል፣ እሑድ ጎፈሬ ሆኖ ይነሳል፣ ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይገባሉ። የቀረችው አንዲት ማኅተም ናት። የድሮ ሕግ «ከተከላ በፊት የቀበሌው ራስ አንባቢ አይቶ ያትም» ይላል፤ ሕጉን የሻረው ስለሌለ የሰውን ራስ በእጁ ዳስሶ ሕመሙን የሚያውቀው ራስ አንባቢም አልተሻረም። በሌሎቹ ቀበሌዎች ማኅተሙን የሚመታው ማሽን ነው፤ ሰው ራሱን በመስኮት አስገብቶ፣ ቀጭ ሲል ሰምቶ ይሄዳል። በዳምጠው ቀበሌ፣ ዜሮ ስድስት ላይ ግን እትዬ ዘርፈሽዋል አሉ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሽበታቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ለአንድ ሰው አርባ ደቂቃ ይፈጃሉ። ሰው ያማርራል፤ «እሳቸው ዘንድ ከመቀመጥ ፍርድ ቤት መመላለስ ይሻላል» ይላል። ያው ያማረረው ሰው ልጁ ሲታመምበት አቅፎ የሚሮጠው ግን ወደ እሳቸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ዳምጠው እትዬ ዘርፈሽዋል ወደሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ለማኅተም ነው። ብዙም አላስቸግርዎት።»

«ማስቸገርማ ታስቸግረኛለህ፤ ሥራዬ ነው። ተቀመጥ። ጋቢህን አውልቅ።»

«ይበርደኛል።»

«ማሞቂያው እኮ እየነደደ ነው። እኔ አሮጊቷ በአንድ ቀሚስ ነኝ» አሉና ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ጣታቸውን ማሞቂያው ላይ አሙቀው ከኋላው ቆሙ።

አቤት እነዚያ ጣቶች! መጀመሪያ ግንባሩ ላይ አረፉ፤ ቀጥለው አናቱን፣ ከጆሮው በላይ ያለውን፣ ማጅራቱን ዞሩት። አይጫኑም፣ አይቸኩሉም። አንዲት ፀጉር ነጥለው ይስባሉ፤ ወጥታ ስትመጣ ሥሯን ብርሃን ላይ ያዩና ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጧታል። እሳቸው ይህን ሲሠሩ ያየ ሰው፣ ማበጠሪያዋ የምታውቀው ቁጥር ብቻ እንደ ሆነ ይገባዋል።

«የወረደ በራ ሥርዓት አለው» አሉ፣ እጃቸው ሳያርፍ። «ከግንባር ግራና ቀኝ ይገባል፣ ወይ ከአናት ይነሳል፤ ጎንና ማጅራት አይነካም። ያንተ ግን ሁሉም ጋ ነው የሳሳው፤ ዝናብ እንዳጣ ገብስ። ላሽ እንዳልለው፣ እሱ ክብ ክብ እያደረገ ነው የሚመልጠው። ቆረቆር ቢሆን ይቀረፍ ነበር። ያሳክክሃል?»

«ኧረ አያሳክከኝም። እትዬ፣ የእናቴ አባት እኮ—»

«ሽብሩን ነው? አውቃቸዋለሁ፤ ጎረቤታችን ነበሩ። ባለፈው ክረምት ብርቱ ትኩሳት ይዞህ ነበር? ሰው ሞቶብሃል? ትኩሳትና ሐዘን ካለፉ በኋላ ፀጉር ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ይረግፋል። ለሱ መድኃኒቱ መታገሥ ነው፤ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።»

«ምንም አልደረሰብኝም።»

እትዬ ዘርፈሽዋል ዞረው ፊት ለፊቱ መጡ። አገጩን ቀና አድርገው አውራ ጣታቸውን በግራ ቅንድቡ ላይ ጎተቱት፤ ከዚያ በቀኙ። የቅንድቡ ጫፍ፣ ወደ ጆሮ የሚወርደው፣ የለም። ቅንድቡ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። መስተዋት ሰጡት፤ ዳምጠው አይቶ ደነገጠ። ማበጠሪያዋ ቅንድብ አትቆጥርም።

«የሽብሩ ቅንድብ ጥላ ይሠራ ነበር» አሉ። «ሰውየውን ያለ ጥፋታቸው አትክሰሳቸው። ኮሌታህን ክፈት።»

ውሃ በብርጭቆ አስያዙት። እንደገና ከኋላው ቆመው ሁለት ሁለት ጣታቸውን ጉሮሮው ላይ አሳረፉ። «ጎንጨት በል። አትዋጥ። አሁን ዋጥ።» ዋጠ። «ድገም።» ደገመ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አንሥተው መጥተው ፊቱ ተቀመጡ።

«እንቅርት ነው ልጄ።»

ዳምጠው ሳቀ። እንቅርት! እንቅርት እኮ የጥንት ሰው በሽታ ነው። «እሱ ጠፍቶ የለም እንዴ?»

«የት ይጠፋል? ጨው ውስጥ የሚገባው አዮዲን አግዶት ነው የኖረው። የአንገት እጢ አዮዲን ሲያጣ ይደክማል፤ ሥራውን ለመወጣት ሲል ያብጣል። እሱ ሲደክም ሰውነት ሁሉ ይቀዘቅዛል፦ ያንቀላፋል፣ ይበርደዋል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ፀጉርና ቅንድብ ይሳሳል። ለመሆኑ ምን ጨው ነው የምትበላው?»

የዳምጠው ሳቅ ጠፋ። ትርንጎን ከተዋወቀ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከአቶ ወንድይፍራው አሞሌ በቀር ሌላ ጨው አልቀመሰም። በየበዓሉ እየጠቀለሉ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ «እኔ የምበላውን ነው የምሰጥህ» እያሉ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ከጣቱ ጠብታ ደም ወስደው መመርመሪያዋ ላይ ጣሉ። መመርመሪያዋ ስታስብ እሳቸው የመድኃኒቱን ወረቀት ጽፈው ጨርሰው ነበር። ውጤቱም እንዳሉት ሆኖ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ፎክሮ ነበር፤ እሳቸው ግን ወረቀቱን ወደሱ ገፋ አደረጉ።

«ይቺን ትንሽ ክኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ። ጨውህን ቀይር። ብርዱና ድካሙ በወር በሁለት ወር ይለቅሃል፤ ፀጉርህን ግን እስከ መስከረም ድረስ አትጠብቀው። የሚቀባውንም፣ የሚዋጠውንም፣ የሚተከለውንም አውቃለሁ፤ የወረደ በራ ላስጨነቀው ስንቱ ሰው በእጄ አትሜለታለሁ። ላንተ ግን አላትምም።»

«እትዬ! እሑድ እኮ ሽማግሌ ልልክ ነው!»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሳሳ ፀጉር ጋር አይሰጡኝም። ያትሙልኝና ክኒኑንም እውጣለሁ፣ ጨውንም እተዋለሁ፤ ምን ይጎዳል?»

«ሐሙስ ያስተኙሃል። እንዲህ የቀዘቀዘ ሰውነት በማደንዘዣ ተኝቶ ላይነሳ ይችላል። ትነሳለህ እንበል። የተተከለ ፀጉር ስትታመም አይረግፍም። ዛሬ እዚህ ጎትቶ ያመጣህ ይሄ የሚረግፈው ፀጉርህ ነው፤ ሌላው ሕመምህን ሁሉ ስትስቅበት ነው የከረምከው። እሱን አስነቅለህ ክኒኑን የረሳህ ዕለት፣ እኔ ወሬህን የምሰማው ከማማው ላይ ስትወድቅ ነው።»

ዳምጠው ተናዶ ተነሳ። «ዜሮ ሰባት ሄጄ በማሽን አስመታለሁ።»

«ትችላለህ። ሕጉም አይከለክልህም። እኔ ግን ዐይቼ እንዳላየ መሆን አይሆንልኝም» አሉና የክኒኑን ብልቃጥ ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። ወደ በሩ ሲሄድም ጋቢውን አንሥተው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

እውነትም ዜሮ ሰባት ሄደ። ሰልፉ አጭር ነበር። ከፊቱ ያለው ሰው ራሱን በመስኮቱ አስገባ፤ ቀጭ አለ፤ እየሳቀ ወጣ። ዳምጠው ተራው ሲደርስ ምራቁን ዋጠ። እጁ ሳያስበው ጉሮሮው ላይ ነበርና ከጣቱ ሥር አንድ ለስላሳ ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማው። ደግሞ ዋጠ፤ ደግሞ ወጣ፣ ወረደ። ፈራ። አንድ ጊዜ የነኩትን ነገር አልነካሁም ማለት እንዴት ይቻላል? «ለእርስዎ ይሁን» ብሎ ከኋላው ላለው ሰው ተራውን ለቀቀና ሄደ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ለትርንጎ ነገራት። ትርንጎ አስተማሪ ናት፤ ነገር ስትሰማ ቶሎ አትደነግጥም። አንገቱን ዳበሰች፤ ቀጥላ የራሷን ዳበሰች።

«ሽማግሌዎቹ ጨው የሚል ቃል ካነሱ አባቴ ያስወጣቸዋል» አለች።

«እኔ ብናገርስ?»

«አንተን ከነጋቢህ ያስወጣሃል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል? ኮፍያ አድርጌ ዝም ልበል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ነገ ያንኑ ጨው እየበላሁ ልጅ ላረግዝ ነው እንዴ? እኔ ብነግረው ምን ታውቂያለሽ ይለኛል። አንተ ንገረው፤ ካስወጣህም አብሬህ እወጣለሁ።»

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች የአቶ ወንድይፍራው ግቢ ሲደርሱ አራተኛው ዳምጠው ነበር። ይሄ ነውር ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይገባም። ታላቁ ሽማግሌ በመንገድ ላይ «ተመለስ፣ አታዋርደን» ብለው ቢለምኑት አልሰማም።

አቶ ወንድይፍራው ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጎፈሬያቸው ግን እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ጠቁሮ ቆሟል። ዳምጠውን አዩት፤ የሳሳ ራሱን አዩት።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?» አሉ በጎረነነ ድምፅ። «ደግሞስ ይሄን ራስ ይዞ?»

ዳምጠው ተናገረ። የማበጠሪያዋን ቁጥር፣ የእትዬ ዘርፈሽዋልን ጣቶች፣ እንቅርቱን፣ ክኒኑን፣ አንድም አላስቀረም። መጨረሻ ላይ፦ «ጋሼ፣ ምክንያቱ ጨው ነው። አሞሌው አዮዲን የለበትም። ልጅዎን ብወስድ በቤቴ አሞሌ አይገባም፤ ይሄን ደብቄ ልጅዎን መውሰድ ደግሞ አልቻልኩም።»

ታላቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጨዌን?» አሉ አቶ ወንድይፍራው። «እኔ ጨዌን ከልጅ ልጆቼ አፍ የምነጥቀው አንድ የማማ ጠጋኝ ስለመለጠ ነው? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስበላው ኖሬ ይኸው አላየኸኝም? አንዲት ፀጉር ጎድላለች?» ተነሥተው ሊቆሙ ሲሉ ወንበሩን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመዋል።

ዳምጠው ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጎፈሬያቸው ነበር። አሁን ግን ከጎፈሬው በታች አየ። ቅንድባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል።

«ጋሼ» አለ። «የእርስዎ ፀጉር ተተክሏል እኮ። እሱ አይናገርም። ሻርፑን መቼ ነው የጀመሩት?»

መልሱ ከበሩ ውስጥ መጣ፤ የአቶ ወንድይፍራው ባለቤት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ናቸው፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ። «ካቻምና ነው የጀመረው። ኮሌታው አልዘጋለት ብሎ። ስንት ጊዜ ተኛ፣ ስንት ጊዜ በረደኝ አለ፤ እርጅና ነው እያልን...» አሉና ዕንባ ቀደማቸው። ትርንጎ መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ እጇን ሻርፑ ላይ አሳረፈች። አባትየው እጇን ገፍተው አላነሡትም።

«እናስብበት» አሉ አቶ ወንድይፍራው፤ የወጉ ነው፣ የሴት ወገን ሁልጊዜ እንደዚያ ይላል። «መልሱን ነገ ታገኛላችሁ።» ዞር ብለውም ዳምጠውን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት፦ «ያቺ ሴትዮ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?»

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መልስ ፍለጋ ከአቶ ወንድይፍራው ቤት ወደ ሱቃቸው፣ ከሱቃቸው ወደ ጤና ጣቢያው ተመሩ። ሱቁ ተዘግቷል። ከጤና ጣቢያው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰልፍ ነው፤ ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ዞሮታል። ሁሉም ጎፈሬው የሚያምር፣ ሁሉም ሹራብ የደረበ። ሽማግሌዎቹ «ለጉዳይ ነው፣ ለጉዳይ ነው» እያሉ ሾልከው ገቡ። አቶ ወንድይፍራው ያለ ሻርፕ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ በእጃቸው የውሃ ብርጭቆ ይዘዋል። እትዬ ዘርፈሽዋል ከኋላቸው ቆመው ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አሳርፈዋል። ዳምጠውና ትርንጎ፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤትም ግድግዳውን ተደግፈዋል።

ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦ «መልሳችንን ልንሰማ ነበር» አሉ።

«እንግዲህ ልጄን—» ብለው ጀመሩ አቶ ወንድይፍራው።

«ዝም ይበሉ፤ ሲናገሩ ከጣቴ ያመልጠኛል» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። «ጎንጨት ያድርጉ። ዋጥ።»

ዋጡ። ሦስት ጊዜ ዋጡ። እትዬ ዘርፈሽዋል ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ፤ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። «ከሱ ይልቅ የእርስዎ ይብሳል» አላሏቸውም፤ «ደግ አድርገው መጡ፤ ይታከማል» ነው ያሏቸው።

አቶ ወንድይፍራው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «አዮዲን አሞሌው ላይ ይረጫል?» ብለው ጠየቁ።

«ይረጫል። እንዴት እንደሚረጭ አሳይዎታለሁ።»

«እንግዲያስ» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ በዚያው በጎረነነ ድምፃቸው፣ «ሕመሙን ሳይደብቅ በሬ ላይ ለቆመ ሰው ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት እልል አሉ። ውጭ ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ተቀበሏቸው፤ እልልታው እስከ አስፋልቱ ደረሰ። እትዬ ዘርፈሽዋል እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

«መርቁና ቶሎ ውጡልኝ» አሉ፣ ጣታቸውን ማሞቂያው ላይ እያሞቁ። «ቀጣይ! ኮሌታህን ከፍተህ ግባ።»